ከማስታገሻ ወደ መከላከያ፦ የአስም ፓፍ ታሪክ

አስም በሳንባ የአየር ቧንቧዎች ላይ ሁለት ነገር ያደርጋል። በቧንቧዎቹ ዙሪያ ያለው ጡንቻ ተኮማትሮ መተላለፊያውን ያጠባል። የቧንቧዎቹ የውስጥ ሽፋን ደግሞ ተቆጥቶ ያብጣል፣ አክታ ያበዛል፣ ለአቧራ፣ ለጭስና ለብርድ ከልክ በላይ ስሱ ይሆናል። የጡንቻው መኮማተር ድንገተኛ ነው፤ ታማሚውን ሌሊት ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ቁጭ የሚያደርገው፣ ደረቱን ሲር ሲር የሚያሰኘው እሱ ነው። የሽፋኑ ብግነት ግን ድምፅ የለውም። ታማሚው ደህና ነኝ ብሎ በሚውልበት ቀን እንኳ ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል።

በአፍ የሚሳቡት የአስም መድኃኒቶችም እንደዚሁ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ጡንቻውን የሚያላቅቅ ማስታገሻ ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ይመልሳል፣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ኃይሉ ያልቃል። ሁለተኛው ብግነቱን የሚያበርድ መከላከያ ነው፤ በተወሰደበት ሰዓት ምንም ለውጥ አይሰማም፣ ጥቅሙ የሚታየው በየቀኑ ሳይቋረጥ ለሳምንታት ሲወሰድ ነው። ሰው የሚያምነው የተሰማውን ነውና ማስታገሻው በታማሚውም በሐኪሙም ዘንድ ቀዳሚ ሆኖ ኖረ። መከላከያው ተገቢ ቦታውን እስኪያገኝ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ በዚያ መካከል የጠፋው የወጣቶች ሕይወትም ብዙ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መድኃኒትን በትንፋሽ መሳብ ራሱ ጥንታዊ ነገር ነው። የግብፃውያን የሕክምና መዝገብ የሆነው ኢበርስ ፓፒረስ ዕፅን በጋለ ድንጋይ ላይ አድርጎ ጭሱን በሸምበቆ ስለመሳብ ይናገራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዛውያን ሐኪሞች ከሕንድ የተማሩት ሕክምናም የዚሁ ዓይነት ነበር። ዕፁ በኢትዮጵያ አስተናግር ወይም አጠፋሪስ ተብሎ የሚታወቀው፣ በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው መርዛማ ተክልና ዘመዶቹ ናቸው። ቅጠሉ ደርቆ ይጨሳል፤ በውስጡ ያለው አትሮፒን የአየር ቧንቧን ጡንቻ የሚያኮማትረውን የነርቭ መልእክት ስለሚያግድ በእርግጥም ትንፋሽን ይከፍታል። መጠኑ ካለፈ ግን ያስቃዣል፣ ይገድላልም። ያም ሆኖ ከዚህ ዕፅ የተሠራ «የአስም ሲጋራ» በአውሮፓና በአሜሪካ ፋርማሲዎች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ተሸጧል። በልጅነቱ በአስም ተይዞ ዕድሜውን ሙሉ የተሠቃየው ፈረንሳዊው ደራሲ ማርሴል ፕሩስትም ከዚህ ጭስ ደንበኞች አንዱ ነበር።

በዚያ ዘመን ስለ አስም ከተጻፉት ሁሉ የላቀውን መጽሐፍ በ1860 ያሳተሙት ለንደናዊው ሐኪም ሄንሪ ሃይድ ሶልተር ራሳቸው አስም ነበረባቸው። ለታማሚዎቻቸው ከሚያዝዟቸው ነገሮች አንዱ በባዶ ሆድ የሚጠጣ ወፍራም ቡና ነው። ከኢትዮጵያ ጫካዎች የተነሣው ቡና በዚህ መንገድ የአስም ሕክምና ታሪክ ውስጥ ገብቷል፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ከቲዮፊሊን ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ ደካማም ቢሆን የአየር ቧንቧን ያላላል። ቲዮፊሊን ራሱ ቆየት ብሎ ለአሥርት ዓመታት በኪኒንና በመርፌ ዋና የአስም መድኃኒት ሆኖ አገልግሏል።

ከጭስና ከቡና ወደ ኬሚስትሪ የተሻገረው ሕክምና በአድሬናሊን ጀመረ። ንጥረ ነገሩ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከኩላሊት በላይ ካለው ዕጢ ተነጥሎ ከወጣ በኋላ፣ በ1903 በአሜሪካ ለአስም በመርፌ ተሰጠ። ቻይናውያን ለሺህ ዓመታት ከተጠቀሙበት ዕፅ የተገኘው ኤፌድሪን በ1920ዎቹ ተከተለ። በ1940 ደግሞ ኦስትሪያዊው የመድኃኒት ሊቅ ሄሪበርት ኮንዜት አይሶፕሬናሊን የተባለውን የአድሬናሊን ዘመድ ባሕርይ መረመሩ፤ የደም ግፊትን ከፍ ሳያደርግ የአየር ቧንቧን የሚከፍት ሆኖ ተገኘ። እነዚህ መድኃኒቶች ሲሳቡ የሚሳቡት የጎማ ኳስ በተገጠመለት የብርጭቆ መርጫ ነበር። መሣሪያው በቀላሉ ይሰበራል፣ በአንድ ጭመቃ ምን ያህል መድኃኒት እንደሚወጣ አይታወቅም፣ ልጅ ይዞት ትምህርት ቤት ሊሄድ አይችልም።

ይህን የለወጠው የአንዲት ልጅ ጥያቄ ነው። በ1955 በካሊፎርኒያ የራይከር ላቦራቶሪስ ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ጆርጅ ሜይሰን አስም ያለባት የ13 ዓመት ልጅ ነበረቻቸው። ልጅቷ መድኃኒቷ እንደ ፀጉር መርጫ በጣሳ የማይሞላው ለምን እንደሆነ አባቷን ጠየቀች። ሜይሰን ጥያቄውን ወደ ሥራ ክፍላቸው ወሰዱት። ኢርቪንግ ፖሩሽ የተባሉት ኬሚስት መድኃኒቱን ከገፊ ጋዝ ጋር በትንሽ ዕቃ አሽገው፣ በመጀመሪያ ለሽቶ የታሰበ፣ በአንድ ግፊት 50 ማይክሮሊትር ብቻ የሚለቅ ቫልቭ ገጠሙለት። በ1956 አንዱ አድሬናሊን፣ ሌላው አይሶፕሬናሊን የያዘ ሁለት መሣሪያ በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቶ ለሽያጭ ቀረበ። ከጥያቄው እስከ ገበያው የፈጀው አንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው። ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ ፓፍ ተብሎ በኪስ የሚያዘው ዕቃ በቅርጹም በአሠራሩም ከዚያ ብዙ አልራቀም።

ፓፉ ከልብ የሚያስመሰግን ፈጠራ ነበር፤ ያመጣው አደጋም ከዚያው ከምቾቱ ተወለደ። ታማሚው ከሐኪም ርቆ፣ በራሱ እጅ፣ በፈለገው ሰዓትና በፈለገው ብዛት ኃይለኛ መድኃኒት ሊስብ ቻለ። በእንግሊዝና ዌልስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ የወጣቶች የአስም ሞት ሽቅብ ወጣ። ፍራንክ ስፓይዘር፣ ሪቻርድ ዶልና ባልደረባቸው ሂፍ በ1968 ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ ከ5 እስከ 34 ዓመት ባሉት ላይ ሞቱ በሰባት ዓመት ውስጥ ወደ ሦስት እጥፍ አድጓል። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ ጭማሪው ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋ ነበር፤ በ1966 በዚያ ዕድሜ ከሞቱት ልጆች ሁሉ 7 በመቶው የሞቱት በአስም ነው። ዶል ቀደም ሲል ሲጋራን ከሳንባ ካንሰር ጋር ያያያዙት ተመራማሪ ናቸውና ቁጥሮቹ ችላ የሚባሉ አልነበሩም። በሽታው አልተለወጠም፣ የሐኪሞችም ምርመራ አልተለወጠም። የተለወጠው ሕክምናው ነው።

በ1967 የብሪታንያ የመድኃኒት ደህንነት ኮሚቴ ሐኪሞችን አስጠነቀቀ፤ በ1968 ፓፉ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ ተደረገ። ሽያጩ ሲወርድ ሞቱም አብሮ ወረደ። ይህን ዊልያም ኢንማንና አብርሃም አደልስታይን በ1969 የሽያጩንና የሞቱን መስመር ጎን ለጎን አስቀምጠው አሳይተዋል። በ1972 ደግሞ አሜሪካዊው ፖል ስቶሊ አሜሪካ ከዚህ መቅሠፍት ለምን እንደተረፈች ጠየቁ። ሞት በጨመረባቸው አገሮች «ፎርቴ» የተባለ፣ በአንድ ግፊት ከተለመደው አምስት እጥፍ የሚበልጥ አይሶፕሬናሊን የሚለቅ ፓፍ ይሸጥ ነበር፤ አሜሪካ ግን ለዚህ ፓፍ ፈቃድ አልሰጠችም።

መድኃኒቱ እንዴት እንደገደለ ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ ተከራክረውበታል። አንዳንዶቹ ኦክስጅን ያጠረውን ልብ በኃይል በማነሣሣቱ ነው አሉ። ሌሎች ደግሞ ጥፋቱን በመዘግየት ላይ አደረጉት፦ ታማሚው በየጊዜው እየሳበ እፎይ ሲል ብግነቱ ከሥር ይከፋል፣ ሆስፒታል መድረስ የነበረበት ሰዓት ያልፋል፣ በመጨረሻ ቧንቧዎቹ በአክታ ሲደፈኑ ጡንቻን የሚያላላ መድኃኒት የሚሠራው የለውም። ሁለቱ ማብራሪያዎች አንዱ ሌላውን አይሽርም። ሁለተኛው ግን ስለ አስም ጠባይ የሚያስተምረው ይበልጣል።

የማስታገሻውን ኃይል ከልብ ወደ ሳንባ የማዞሩን ሥራ የሠሩት ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ጃክ ናቸው። በፋይፍ አውራጃ ከከሰል ማዕድን ቆፋሪ ቤተሰብ የተወለዱት ጃክ፣ የግላክሶ አካል በሆነው አለን ኤንድ ሃንበሪስ ውስጥ የምርምር ኃላፊ ነበሩ። በ1966 ቡድናቸው ሳልቡታሞልን አገኘ፤ በ1969 ቬንቶሊን ተብሎ ገበያ ላይ ዋለ። ልብን ከሚያነሣሡት ተቀባዮች ይልቅ በአየር ቧንቧ ጡንቻ ላይ ባሉት ላይ የሚሠራ፣ ከአይሶፕሬናሊንም ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆይ ነው። በዓለም ዙሪያ አስም ያለበት ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሰማያዊ ፓፍ ይህ ነው። ይሁንና ሳልቡታሞልም ማስታገሻ ነው፤ ደህንነቱ ቢሻሻልም የውስጡን ብግነት አይነካውም።

መከላከያ የመፈለጉ ታሪክ ከዚህ ጋር ጎን ለጎን ሄደ፤ ከፈላጊዎቹም መካከል እንደ ሮጀር አልቱንያን በገዛ አካሉ የከፈለ የለም። አልቱንያን በ1922 ሶርያ፣ አሌፖ ውስጥ ሆስፒታል ካቋቋመ የአርመን ሐኪሞች ቤተሰብ ተወለዱ። በልጅነታቸው የእንግሊዛዊው ደራሲ አርተር ራንሰም የልጆች መጽሐፍ ውስጥ ለሚገኘው ትንሹ ሮጀር መነሻ ሆነዋል። ካደጉ በኋላ በጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላን አብራሪ፣ ከዚያም ሐኪም ሆኑ፤ አስምም ያዛቸው። በእንግሊዝ ቤንገርስ በተባለ የመድኃኒት ኩባንያ ሲሠሩ የተነሡበት ንጥረ ነገር ኬሊን ይባላል፤ በግብፅና በአካባቢው ለሆድና ለኩላሊት ቁርጠት ከሚታወቅ ዕፅ ፍሬ የሚገኝ ነው።

በላቦራቶሪ እንስሳት ላይ የሚደረገው ሙከራ የሰውን አስም በትክክል አያሳይም ብለው ስላመኑ፣ ሙከራውን በራሳቸው ላይ አደረጉ። አለርጂ ያለባቸው ለጊኒ ፒግ ፀጉር ነበር። የፀጉሩን ዝፍዝፍ እየሳቡ ሆን ብለው አስማቸውን ይቀሰቅሳሉ፣ አስቀድመው የወሰዱት አዲስ ውህድ ይከላከል እንደሆነ ትንፋሻቸውን በመሣሪያ ይለካሉ። ለዓመታት፣ በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ውህዶችን በዚህ መንገድ ፈተኑ። በ1965 የተገኘው ውህድ ሶዲየም ክሮሞግላይኬት ሆነ፤ በ1968 ኢንታል በሚል ስም ቀረበ። ዱቄት ስለነበረ መሳቢያውንም ራሳቸው ነደፉ፦ ታማሚው ሲስብ በውስጡ ያለች ትንሽ ፕሮፔለር እየተሽከረከረች ዱቄቱን ከካፕሱሉ ታራግፋለች። የአብራሪነት ዘመናቸው እዚህ ላይ ጠቅሟቸዋል።

ክሮሞግላይኬት ከዚያ በፊት ከነበሩት ሁሉ በአንድ ነገር ይለያል፦ ጥቃቱ ከጀመረ በኋላ ምንም አይረዳም። አስቀድሞ የተወሰደ እንደሆነ ግን ጥቃቱን ይከለክላል። ይህ ለሐኪሞች እንግዳ ነገር ነበር፤ ዶክተሮችም ታማሚዎችም «ሳያመኝ ለምን እወስዳለሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ማበጀትን የተማሩት በእሱ ነው። ኃይሉ መካከለኛ፣ አወሳሰዱም በቀን አራት ጊዜ በመሆኑ ዛሬ ቦታውን ለሌላ ለቋል። ሆኖም በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ለመከላከል ብቻ ሊሰጥ እንደሚችል መንገዱን የከፈተው እሱ ነው። አልቱንያን በ1987 አረፉ።

የክሮሞግላይኬትን ቦታ የተረከበው መድኃኒት ስቴሮይድ ነው። ኮርቲሶን በ1948 በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ለመገጣጠሚያ ብግነት ተሰጥቶ ያስገኘው ውጤት ዓለምን አስደነቀ፤ በ1950 ለኬንዳል፣ ለሄንችና ለራይክሽታይን የኖቤል ሽልማት አስገኘ። በዚያው ዓመት ለአስምም ተሞከረ። ከባድ አስም ላለባቸው ሕይወት አዳኝ ሆኖ ተገኘ፤ በየቀኑ በኪኒን ሲወሰድ ግን ፊትን ያሳብጣል፣ አጥንትን ያሳሳል፣ የልጆችን ቁመት ያቀጭጫል። ለልጃቸው ትንፋሽን ከዕድገት ጋር ማመዛዘን የነበረባቸው ወላጆች ጥቂት አልነበሩም።

ከዚህም ሌላ የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ1956 ያወጣው ሙከራ ሥር በሰደደ አስም ላይ ኮርቲሶን ብዙም ጥቅም እንደሌለው ዘገበ፤ ብዙ ሐኪሞችም ተስፋ ቆረጡ። በዳርቢ ከተማ የሚሠሩት ስኮትላንዳዊው ሐኪም ሃሪ ሞሮ ብራውን ግን ይህን አልተቀበሉም። የታማሚዎቻቸውን አክታ ራሳቸው በማይክሮስኮፕ ያዩ ነበር። በአክታቸው ውስጥ ኢኦሲኖፊል የተባለ፣ ከአለርጂ ብግነት ጋር የሚሄድ ነጭ የደም ሕዋስ ያለባቸው ለስቴሮይድ ይታዘዛሉ፤ የሌለባቸው፣ አብዛኞቹ ምናልባትም በሲጋራ የተጎዳ ብሮንካይተስ ያለባቸው፣ አይታዘዙም። የቀደመው ሙከራ ሁለቱን ቀላቅሎ ነበር ጥቅሙን ያጣው። ይህን በ1958 በላንሴት መጽሔት አሳተሙ። የአስም ሕክምና ዛሬ በኢኦሲኖፊል ቆጠራ የሚመራበትን ዘመን ከአርባ ዓመት በላይ የቀደመ ሥራ ነው፤ የሚገባውን ያህል አልተወሳም።

የቀረው ስቴሮይዱን ሰውነት ውስጥ ሳያሰራጩ ሳንባ ላይ ብቻ የማሳረፍ ጥያቄ ነው። በ1950ዎቹ ኮርቲሶንና ሃይድሮኮርቲሶንን መሳብ ተሞክሮ እምብዛም አልሠራም። መፍትሔው ከቆዳ ሕክምና መጣ። በ1962 ማኬንዚና ስቶውተን ስቴሮይድ ቆዳ ላይ ሲደረግ የሚያመጣውን መንጣት በመለካት የትኛው ውህድ በተቀባበት ቦታ ላይ ኃይለኛ እንደሆነ ማወቂያ መንገድ አዘጋጁ። በዚህ መለኪያ ጎልተው ከወጡት አንዱ ቤክሎሜታሶን ዳይፕሮፒዮኔት ነው፤ በቦታው ላይ እጅግ ብርቱ፣ ተውጦ ወደ ሆድ የገባው ደግሞ በጉበት በአመዛኙ የሚከሽፍ። ዴቪድ ጃክ ይህን ውህድ ወደ ፓፍ አስገቡት፤ አንዱ ግፊት 50 ማይክሮግራም ይለቃል። አንድ ኪኒን ፕሬድኒሶሎን 5 ሚሊግራም፣ ማለትም የዚያ መቶ እጥፍ እንደሚይዝ ማስታወስ ልዩነቱን ያሳያል።

የመጀመሪያውን ዋና ሙከራ የሠሩት እኚያው ሞሮ ብራውን ናቸው። በ1972 በብሪትሽ ሜዲካል ጆርናል ባወጡት ዘገባ 60 ታማሚዎችን እስከ 15 ወር ተከታትለዋል። ያለ ስቴሮይድ ኪኒን መኖር የማይችሉ ከነበሩት 37 ሰዎች 28ቱ ኪኒኑን ትተው በፓፉ ብቻ ለመኖር በቁ። ለዓመታት ፊታቸው አብጦ የኖሩ ሰዎች መልካቸው ተመለሰ። ጉዳቱ ጥቂት ሆነ፦ በአፍና በጉሮሮ ላይ ነጭ ፈንገስ መብቀል፣ የድምፅ መጎርነን። ፓፉን ከሳቡ በኋላ በውኃ መጉመጥመጥ አብዛኛውን ይከላከላል።

እንዲህ ያለ መድኃኒት ተገኝቶ ሳለ ሃያ ዓመት ያህል የታዘዘው በመጨረሻ፣ ሌላው ሁሉ ሳይበጅ ሲቀር ነበር። ስቴሮይድ የሚለው ስም በኪኒኑ ዘመን ያተረፈው ፍርሃት አልለቀቀውም፤ አስም በዋነኛነት የጡንቻ መኮማተር ነው የሚለው አስተሳሰብም ጸንቶ ነበር። ሐኪም ማስታገሻ ያዝዛል፤ ካልበቃ ማስታገሻ ይጨምራል።

የዚህ ልማድ ዋጋ በኒውዚላንድ ታየ። ከ1976 ጀምሮ በዚያች ትንሽ አገር የወጣቶች የአስም ሞት በድንገት ጨመረ፤ በ1979 ጫፍ ላይ ሲደርስ ከ5 እስከ 34 ዓመት ባሉት ከ100,000 ሰው 4 ያህሉን በዓመት ይገድል ነበር። በዓለም ከፍተኛው ነበር። በዌሊንግተን ጁልያን ክሬን፣ ኒል ፒርስ፣ ሪቻርድ ቢዝሊና ባልደረቦቻቸው በዚያው በ1976 አገሩ የገባውን ፌኖቴሮል የተባለ ማስታገሻ ጠረጠሩ። በአንድ ግፊት 200 ማይክሮግራም ይለቃል፣ ይህም ሳልቡታሞል ከሚለቀው 100 ማይክሮግራም ሁለት እጥፍ ማለት ነው፤ ልብንም ይበልጥ ያነሣሣል። በ1989 በላንሴት ያሳተሙት ጥናት በአስም ከሞቱት መካከል ፌኖቴሮል የታዘዘላቸው ከሌሎቹ ታማሚዎች በጉልህ እንደሚበዙ አሳየ። ክርክሩ ብርቱ ነበር፤ ከባድ አስም ያለበት ኃይለኛ መድኃኒት ቢታዘዝለት ምን ይደንቃል ተባለ። መንግሥት ፌኖቴሮልን ሲገድብ ግን ሞቱ ወዲያው በግማሽ ያህል ወረደ። በማግስቱ ዓመት ማልኮም ሲርስና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ሙከራ ሌላ ነገር ጨመረ፦ ፌኖቴሮልን በቀን አራት ጊዜ በመደበኛነት የወሰዱ ሰዎች ሲያስፈልጋቸው ብቻ ከወሰዱት ይልቅ አስማቸው ባሰ። አዘውትሮ ማስታገሻ መሳብ ቧንቧውን ለቀስቃሽ ነገሮች ይበልጥ ስሱ ያደርገዋል፤ መድኃኒቱም እየዋለ ሲያድር ኃይሉ ይቀንሳል።

በተመሳሳይ ጊዜ ሐኪሞች በብሮንኮስኮፕ ከሳንባ ቧንቧ ሽፋን ናሙና መውሰድ ጀምረው ነበር። የታየው ነገር አመለካከቱን ለወጠ፦ ቀላል የሚባል፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያስቸግር አስም ያለባቸው ሰዎች እንኳ ሽፋናቸው የተላጠ፣ በኢኦሲኖፊል የተሞላ ነበር። ዊልያም ኦስለር በ1892 የሕክምና መማሪያ መጽሐፋቸው አስምን የትናንሽ የአየር ቧንቧዎች ልዩ ብግነት ብለው ጽፈው ነበር። አንድ ምዕተ ዓመት ያህል የተዘነጋው ሐሳብ በማስረጃ ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ ነገሩን ወደ ሥርዓት ያመጡት ፊንላንዳውያን ናቸው። በ1991 ታሪ ሃህቴላና ባልደረቦቻቸው አስማቸው ገና የታወቀ 103 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ግማሾቹ ቡዴሶናይድ የተባለ የሚሳብ ስቴሮይድ፣ ግማሾቹ ተርቡታሊን የተባለ ማስታገሻ ለሁለት ዓመት እንዲወስዱ አደረጉ። ስቴሮይድ የወሰዱት በሁሉም መለኪያ በለጡ፤ ማስታገሻ የሚያስፈልጋቸውም ጥቂት ጊዜ ብቻ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ስቴሮይድ የተዛወሩት ተሻሻሉ፣ ነገር ግን ከመጀመሪያው የጀመሩትን ያህል አልሆኑም። ፊንላንድ በ1994 ለአሥር ዓመት የሚቆይ ብሔራዊ የአስም ፕሮግራም ጀመረች። መርሁ ቀላል ነበር፦ ብግነቱን በጊዜ ማግኘት፣ መከላከያውን ከመጀመሪያው ቀን መጀመር፣ ነርሱንና ፋርማሲስቱን ጨምሮ እስከ ጤና ጣቢያ ድረስ ሁሉንም ማሠልጠን። አስም ያለባቸው ሰዎች ቁጥር እየጨመረ እንኳ በአስም ሆስፒታል የሚተኙባቸው ቀናት ከግማሽ በላይ ቀነሱ።

የሞትን ጉዳይ የዘጋው ከካናዳ የመጣ ጥናት ነው። ሳሚ ስዊሳና ባልደረቦቻቸው የሳስካቸዋን ክፍለ ግዛት የመድኃኒት መዝገብ ተጠቅመው ከ30,000 በላይ ሰዎችን ተከታተሉ፤ ውጤቱን በ2000 አሳተሙ። በዓመት ውስጥ አንድ ተጨማሪ የሚሳብ ስቴሮይድ ፓፍ የወሰደ ሰው በአስም የመሞት ዕድሉ በ21 በመቶ ይቀንሳል። መድኃኒቱን ባቋረጡት ላይ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አደጋው ከፍ ብሎ ይገኛል። ዝቅተኛ መጠን ያለው፣ ነገር ግን ሳይቋረጥ የሚወሰድ መከላከያ ሕይወት እንደሚያድን ከዚህ በኋላ የሚያከራክር አልነበረም።

ማስታገሻው ግን ሌላ መልክ ይዞ ተመለሰ። በ1990 የቀረበው ሳልሜቴሮል አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል የሚቆይ ነው፤ ሌሊት እንቅልፍ ላጡ ታማሚዎች ትልቅ እፎይታ ሰጠ። ከ26,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ ሙከራ በ2003 ሲቋረጥ፣ ሳልሜቴሮል ከወሰዱት 13 ሰዎች፣ ካልወሰዱት 3 ሰዎች በአስም ሞተው ነበር። ከስቴሮይድ ጋር ሲሰጥ ይህ አደጋ እንደማይታይ በኋላ በተደረጉ ትልልቅ ሙከራዎች ተረጋግጧል። ሁለቱ በአንድ ፓፍ ተዋህደው ሲሠሩ ደግሞ ታማሚው ጡንቻ የሚያላላውን ብቻ መርጦ መከላከያውን ሊተው አይችልም።

ከዚህ ውህደት እጅግ ጠቃሚው ሐሳብ ተወለደ። ፎርሞቴሮል እንደ ሳልሜቴሮል ረጅም ጊዜ የሚቆይ ሲሆን፣ እንደ ሳልቡታሞል ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራል። ከቡዴሶናይድ ጋር በአንድ ፓፍ ከተደረገ ታማሚው ትንፋሽ ሲያጥረው የሚስበው ራሱ መከላከያም ይሆናል። ሰው የሚሰማውን መድኃኒት እንደሚመርጥ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ታይቷል። ይህ ፓፍ ምርጫውን ሳይቃወም በዚያው በኩል ብግነቱን ያክማል፤ ብግነቱ በተነሣ ቁጥር የሚወሰደው ስቴሮይድም በዚያው ልክ ይጨምራል። በ2018 በወጣው ሲግማ በተባለ ሙከራ ቀላል አስም ያለባቸው ሰዎች ይህን ፓፍ ሲያስፈልጋቸው ብቻ ሲወስዱ፣ ማስታገሻ ብቻ ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸር ከባድ ጥቃት በ64 በመቶ ቀነሰላቸው። በየቀኑ ሁለት ጊዜ ቡዴሶናይድ ከታዘዘላቸው ጋር ሲነጻጸሩም ጥቃቱ እኩል ነበር፤ የወሰዱት የስቴሮይድ መጠን ግን ከሩብ አይበልጥም። በማግስቱ ዓመት ከኒውዚላንድ የመጣ ሙከራ ይህንኑ አጸና፤ የመሩትም ከሠላሳ ዓመት በፊት ፌኖቴሮልን ካጋለጡት አንዱ የሆኑት ሪቻርድ ቢዝሊ ናቸው።

በ1993 የተመሠረተውና የዓለም ሐኪሞች የሚመሩበትን መመሪያ የሚያወጣው ጂና በ2019 አቋሙን ለወጠ። ለአዋቂዎችና ለወጣቶች ሳልቡታሞልን የመሰለ አጭር ጊዜ የሚቆይ ማስታገሻ ብቻውን እንዲታዘዝ ከእንግዲህ አልመከረም፤ አስሙ ምንም ያህል ቀላል ቢሆን የሚሳብ ስቴሮይድ አብሮ ሊኖር ይገባል አለ። ለሃምሳ ዓመት የመጀመሪያ እርምጃ ሆኖ የኖረው ሕክምና በዚህ ተሻረ።

መሣሪያው ራሱም በዚህ መካከል ተለውጧል። የኦዞን ሽፋንን የሚጎዳው የቀድሞው ገፊ ጋዝ በ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት ምክንያት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሌላ ተተካ። ፓፉን ከትንፋሽ ጋር ማጣጣም ለሚያቅታቸው፣ በተለይ ለልጆች፣ መድኃኒቱን ለአፍታ የሚያቆይ ሰፋ ያለ ዕቃ ይገጠማል። ይህ ዕቃ ውድ በሆነበት ቦታ የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ በልኩ ተበስቶ እኩል እንደሚያገለግል የደቡብ አፍሪካዋ የሕፃናት ሐኪም ሄዘር ዛርና ባልደረቦቿ በ1999 አሳይተዋል።

በኢትዮጵያ አስም የከተማ በሽታ እየሆነ መምጣቱን ቀድሞ ካመለከቱት ጥናቶች አንዱ በጅማ የተሠራው ነው። በ1997 በላንሴት የወጣው ይህ ጥናት በጅማ ከተማ ነዋሪዎች ላይ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽና አስም ከዙሪያው ገጠር ይልቅ እንደሚበዛ አሳየ። በአገሪቱ ፋርማሲዎች ሳልቡታሞል፣ በፓፍም በኪኒንና በሽሮፕም፣ ለብዙ ዘመን በቀላሉ የሚገኝና በርካሽ የሚሸጥ ሆኖ ኖሯል፤ ቤክሎሜታሶንና ቡዴሶናይድ ግን ከትልልቅ ከተሞች ሲርቁ ይጠፋሉ፣ ሲገኙም ዋጋቸው ለብዙ ቤተሰብ ይከብዳል። በኪኒን የሚወሰደው ሳልቡታሞል እጅን ያንቀጠቅጣል፣ ልብን ያስመታል፣ ከፓፉም ዘግይቶ ይሠራል። የሚሳቡ ስቴሮይዶችና የቡዴሶናይድና ፎርሞቴሮል ውህድ በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ተካተዋል። ቤክሎሜታሶን የፈጠራ ባለቤትነት መብቱ ካለፈ ቆይቷል፤ በሕንድና በሌሎችም አገሮች በብዛት ይመረታል። ከፋብሪካው እስከ ወረዳው ጤና ጣቢያ ያለውን መንገድ ዛሬም የሚያረዝሙት የግዥ ዕቅድ፣ የውጭ ምንዛሪና ከሐኪሙ እጅ ያልወጣው የድሮ ልማድ ናቸው።